በሩ ላይ የተዘረጋ እጅ፦ የአሠልጣኝ «በረኛው» የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም «በረኛው» እያልን የምንጠራቸው አሠልጣኝ ከአናጺ አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ከጨርቅ ቁራጭ የሚጠቀልሉትን ኳስ ታላላቆቻቸው ሲመቱ፣ እርሳቸው የመጨረሻ ልጅ ስለነበሩ ግብ ላይ እንዲቆሙ ተደረጉ። ማንም የማይፈልገውን ቦታ ይዘው ቀሩ፤ ስሙም አብሯቸው ቀረ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ከጨረሱ በኋላ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በመካኒክነት ተመርቀው በ1968 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ቀን ማሽን ሲጠግኑ ውለው ከሥራ በኋላ ለፋብሪካው ቡድን ግብ ይጠብቁ ነበር። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች የተጣመሙት ያን ጊዜ ነው። ማሽን ነው ወይስ ኳስ ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሁለቱም ድርሻ አላቸው» ይሉ ነበር። ጣቶቻቸውን ያሰሩላቸውን የፋብሪካውን ነርስ በ1982 ዓ.ም. አገቡ። ጣቶቹ ባይቃኑም ትዳሩ ጸና፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በ1988 ዓ.ም. ጓንታቸውን ሰቅለው አሠልጣኝ ሆኑ። የቡድኑ መልበሻ ክፍል የሲሚንቶ መቀመጫና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለው ጠባብ ክፍል ነበር። ተጫዋቾች ወደ ሜዳ ሲወጡ አሠልጣኙ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን በቀኝ እጃቸው ይጨብጡ ነበር። የሳምንቱ ስድብም ኩርፊያም እዚያ ያበቃል፤ ሳይጨብጥ ያለፈ አይጫወትም። ተጫዋቾቹም «በረኛ መቼም ከበር አይርቅም» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ሕዝቡ «ምላጭ» ብሎ የሰየመውን አጥቂ ከታዳጊ ቡድን አውጥተው አምበል እስኪሆን ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ወላጅ ስላልነበረው ለዓመታት በቤታቸው የፊት ክፍል ኖሯል፤ ልጆቻቸው ዛሬም ወንድማችን ይሉታል። ዝናው ሲገን ግን የመልበሻ ክፍሉ አየር ከበደ። እርሳቸው ሰሌዳው ላይ ሲያስረዱ እርሱ ጀርባውን ሰጥቶ ጫማውን ያስር ነበር። ሌሎቹም ማንን እንደሚሰሙ ግራ ገባቸው።

በ2003 ዓ.ም. በዋንጫው ፍጻሜ ዕለት ወደ ኋላ እየተመለሰ እንዲከላከል ሲነግሩት፣ በሁሉም ፊት «ጋሼ፣ ሕዝቡ የመጣው እኔን ሊያይ ነው እንጂ የእርስዎን ሰሌዳ ሊያይ አይደለም» አላቸው። በሩ ላይ እጃቸውን ቢዘረጉለትም በትከሻው ገፍቷቸው አለፈ። መልሰው ጠሩትና «ልጄ፣ ማሊያህን አውልቅ» አሉት። አውልቆ እግራቸው ሥር ጣለውና ወጣ። ቡድኑ ተሸነፈ። በሳምንቱ እርሳቸው ተሰናበቱ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ክለብ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሙያቸው ተመልሰው የውኃ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖሩ። ዳቦ ቤት ሲሄዱ እንኳ ከኋላቸው ስድብ ይከተላቸው ነበር። ምላጭ ሲጫወት ሬዲዮ ከፍተው ያዳምጣሉ፤ ሰው ሲገባ ይዘጉታል። ወዳጆች ሊያስታርቁ ቢሞክሩም «እጁን ይዞ ይምጣ» ከማለት አላለፉም። እርሱም «መጀመሪያ እሳቸው ይዘርጉ» አለ ተባለ። አንድ ቤት ያፈራቸው ግትሮች ነበሩ።

ባለፈው ዓመት በደም ግፊት ሳቢያ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሰው እንዲያዝንላቸው ስለማይወዱ ቤተሰቡ የሕመሙን ዓይነት ለውጭ ሰው አልተናገረም።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ ምላጭ ወደ ተኙበት ሆስፒታል መጣ። ባለቤታቸው መድኃኒት ሊያመጡ ወጥተው ስለነበር፣ የሆነውን የነገሩን በአጠገባቸው የተኙት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ምላጭ ወደ አልጋው አልቀረበም። በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ መጥቻለሁ» አለና ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጠበቀ። ከአልጋው በኩል የተዘረጋ እጅ አልነበረም። «እሺ ጋሼ፣ አልፈርድብዎትም» ብሎ በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ።

ያን ጊዜ አሠልጣኙ በግራ እጃቸው ቀኛቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ለማውጣት እየታገሉ ነበር። አውጥተው ወደ በሩ ሲያዞሩት በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ባለቤታቸው ሲመለሱ ያን እጅ ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሎ አገኙት፤ ሊያስገቡት ሲሞክሩም በግራቸው ከለከሏቸው።

አሠልጣኙ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። ወንድ ልጃቸው በቀባሪው መሐል ካለ፣ እጃቸው ለእርሱ ተዘርግቶ እንደነበር ይወቅልን፤ የዘገየው ስለከበዳቸው ነው። የሳጥኑን የቀኝ የፊት እጀታ ቤተሰቡ ለማንም አልሰጠም።

ፈጣሪ በበሩ ላይ ቆሞ፣ የተጣመሙትን ጣቶቻቸውን ጨብጦ ያስገባቸው።