ጋሽ ቆይ፦ ከምላጩ እስከ አግዳሚው

ሁላችን ጋሽ ቆይ እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልቀጠሉት ጭንቅላት አንሷቸው አይደለም፤ ከራሳቸው ይልቅ የሰው ጭንቅላት ስለሚያሳስባቸው ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው መቀስ ጨበጡ፤ ፀጉር አስተካካይ ሆነውም ኖሩ።

በሃያ አራት ዓመታቸው ታላቅ እህቴን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። በተጋቡበት ዓመት ጌታን አገኙ። ያገኙትንም ለብቻቸው መያዝ አልቻሉም፤ ለደንበኛው ሁሉ ይሰብኩ ጀመር። ይህ ባልከፋ፤ ችግሩ የሚሰብኩት ምላጩን ጉሮሮ ላይ አድርገው መሆኑ ነው። ሰውየው ሊነሣ ሲል፣ "ቆይ፣ ዋናው ነገር ገና ነው!" ይሉታል። ስማቸውም ከዚህ መጣ። በዚያ ወንበር ላይ አሜን ያላለ ሰው አላውቅም፤ ደግሞ የተመለሰ ሰውም ብዙ አላውቅም።

በሠላሳ ዓመታቸው ቤተ ክርስቲያን ለወንጌል ሥራ ወደ ጎረቤት ከተማ ላከቻቸው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የዚያ ከተማ ወንዶች ምላጫቸውን ሸሽተው ጢማቸው ደረታቸው ላይ ደርሶ ነበር ይባላል።

ከሰው ሁሉ አስበልጠው እንዲያምን የሚጓጉለት ሰው ግን እኔ ነበርኩ። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የተደፈነውን ሁሉ እከፍታለሁ፤ የራሴ ጆሮ ግን ለስብከት ድፍን ነበር። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ፊቴን ላጭተው ስለ ገሃነም ሙቀት ሲያብራሩልኝ ብድግ አልኩና፣ ጨርቁ አንገቴ ላይ፣ አረፋው ጉንጬ ላይ እንዳለ አውቶቡስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ደጃቸውን አልረገጥኩም።

እህቴ ምሳ ይዛ መጥታ ኖሮ ሁሉንም አይታለች። ያን ቀን ያለችውን ልጆቿ እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘውታል፦ "ጌታ እኮ ሜዳ ላይ ነው ያስተማረው። የፈለገ ይመጣል፣ የሰለቸው ይሄዳል። ጀልባ እንኳ ሲያስፈልገው ባለቤቱን ለምኖ ነው። ያ ሀብታሙ ልጅ አዝኖ ሲሄድ ወደደው እንጂ ልብሱን ጎትቶ አስቀረው እንዴ? ሂዱና አስተምሩ ተባልን እንጂ የሚሄደውን አንቃችሁ ያዙ ማን አለን?"

ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ሳይሰብኩ ስለላጩ ደንበኞች የታመሙ መስሏቸው ብርቱካን ይዘው መጡ። ከዚያ ከአባታቸው ቤት አንድ አሮጌ አግዳሚ ወንበር አምጥተው ከፀጉር ቤቱ በር ላይ አኖሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ሲጨርሱ ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከተው፣ ጨርቁን አራግፈው፣ "እኔ ውጭ ነኝ፤ የሚቸኩል ይሂድ" ይሉ ነበር።

ሁሉም ቸኮለ። ለረጅም ጊዜ አድማጫቸው ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ጆሯቸው አይሰማም። ሰፈርተኛው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ብሎ ሳቀባቸው። ጋሼ ግን ስለ ጠፋ መቀስና ቤቱን ጠርጎ ስላገኘው ባለሙያ ያወራሉ፤ ጥያቄ ይጠይቁና መልሱን ይጠብቃሉ። ወሬው መሐል አውቶቡስ ከመጣ፣ "በሉ ደህና ሂዱ" ብለው ያሰናብታሉ። ታዲያ የሄደው ሰው መጨረሻውን ለመስማት በማግስቱ ይመለሳል። አግዳሚው መሙላት ጀመረ፤ ብዙዎችም በዚያ አመኑ።

እኔም በአውቶቡስ ሳልፍ አያቸው ነበር። እጃቸውን ያነሡልኛል፤ ና አይሉኝም።

አምና ልባቸው ታመመ፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። እህቴ ደውላ፣ "ራሱን መላጨት አቅቶታል፤ ባዳ እንዲነካውም አይወድም" አለችኝ። ሄድኩ። ላጭቼ ስጨርስ፣ "ጋሼ፣ ያን ቅዳሜ ዋናው ነገር ገና ነው ብለውኝ ነበር፤ ምን ነበር?" አልኳቸው። መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጥ፣ በሩንም ክፈተው አሉኝ። ከዚያ፣ "ጌታ ይወድሃል። እኔም ናፍቀኸኛል" አሉ። በቃ። ይህንን ያን ጊዜ ቢሉኝ ኖሮ ሌላውን ጉንጬንም አስላጭቼ በወጣሁ ነበር። ልነሣ ስል ቆይ አላሉኝም፤ እኔ ግን እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ቆይ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። እጃቸውን ይዤ "ጋሼ፣ ይቆዩ እንጂ" ብያቸው ነበር። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ አሮጌ አግዳሚ ትተውልናል። ማንንም ሳያስገድድ የሚጠራው ጌታ ነፍሳቸውን በደጁ ይቀበል፣ እህቴንና ልጆቿንም ያጽናልን።

አግዳሚው ከበሩ ላይ አይነሣም። የሚቸኩል ይሂድ፤ እኔ እዚያ ነኝ።