ትልቁ ጀልባ ወይስ ትንሿ

እሑድ፣ ጥር 12 ቀን 1988

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብስ አጠብኩ። በረዶው ትናንት ቆሟል፤ መንገዱ ግን ያንሸራትታል። ምስር ሠራሁ፣ ጨው በዛበት።

ሔቨን ደወለች። እግሯ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነው። ሐኪሙ ለየካቲት መጨረሻ ብሏታል። "እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?" አለችኝ። ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እንዴት እቀራለሁ? እመጣለሁ አልኩ።

ከዚያ መንገዱን ነገረችኝ። ከዴንቨር ማያሚ፣ ከማያሚ ሳን ሁዋን፣ ከዚያ ሴንት ኪትስ የምትባል ደሴት። እስከዚህ በአውሮፕላን ነው። እሷ ያለችው ግን ኔቪስ ነው፣ የባሏ የዴዝመንድ አገር። ሌላ ደሴት። በመካከል ባሕር... "ከዚያ በጀልባ ትሻገሪያለሽ፣ ቀላል ነው" አለች።

ቀላል... ለማን?

በዕድሜዬ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዋና አልችልም። ለሔቨን ግን አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ሥራ። ከሆቴሉ ልብስ ማድረቂያዎች አንዱ ተበላሽቶ አንሶላው ተከመረ። ወገቤ...

ከሆቴሉ እንግዶች አንዱ ጥሎት የሄደ መጽሔት አገኘሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት እንዲህ ነው፣ ሰው አንብቦ ከሚጥለው። ውስጡ የደሴት ፎቶ አለ። ባሕሩ አረንጓዴ፣ እኔ እንዳጠፍኩት አንሶላ ልጥጥ ያለ። አንዲት ሴት ጀልባ ላይ ቆማ ትስቃለች። ቀድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በአውቶቡስ ስመለስ ደጋግሜ አየሁት።

ፎቶ ነው። ፎቶ አይወዛወዝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

በ15 ቁጥር አውቶቡስ ፀሐይ ጋ ሄድኩ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የጉዞ ቢሮ ነው የምትሠራው። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ጓደኛዬ እሷ ናት። ሔቨን ልትወልድ ነው፣ ለቲኬት መጣሁ ስላት ተነስታ አቀፈችኝ። "አያት ልትሆኚ!" አለች፣ ቢሮው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። ከዚያ ተቀምጣ እስክሪብቶ አነሳች። መቼ ነው የምትወልደው?

"ለፋሲካ አካባቢ" አልኳት።

ከአፌ ወጣ። የካቲት መጨረሻ እያወቅኩ። የእርግዝና ወር ለሰው አይነገርም፤ እኔ እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት። ዓይን አለ፣ አፍ አለ። ፀሐይ ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ለማንም ቢሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ግን ቲኬት ለምትቆርጥልኝ ሰው?

እሷ ደግሞ ጻፈችው። ጥሩ ጉዞ ሲገኝ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ አታስቢ አለች። አመስግኜ ወጣሁ።

ሰኞ እደውልላታለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 24

አልደወልኩም።

ዴዝመንድ በስልክ ስለ ጀልባዎቹ አስረዳኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራኝ፣ እንዲገባኝ። ሁለት ናቸው። አንዱ ትልቅ የብረት ጀልባ ነው። ሲሚንቶም፣ ሙዝም፣ ሰውም ይጭናል፤ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ ብዙም አይወዛወዝም። ሐሙስና እሑድ ግን አይሠራም። ሌላዋ ትንሽ ናት፣ ነጭ። በየቀኑ ትሄዳለች፣ በግማሽ ሰዓት ታደርሳለች። "ግን ትንሽ ትዘላለች" አለ።

ትዘላለች ማለት ምን ማለት ነው? ፈረስ ናት?

ሦስተኛም አለ፣ እንደ ታክሲ ጠባብ የሆነች አውሮፕላን። እሷን ተዋት አልኩት።

የትኛውን ትመርጫለሽ ብሎ ጠየቀኝ። አስቤ እነግርሃለሁ አልኩ። ደግሞ ነፋስ የሚበረታው በዚህ ወቅት ነው አለ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር።

እሑድ፣ ጥር 26

ለገሠን ጠየቅኩት። ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ድሮ ግን የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር፣ ምጽዋ። ከእኛ ሰው ስለ ባሕር የሚያውቅ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ዝምተኛ ነው፣ እንደ እኔ። ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዬን ስነግረው ትንሽ አሰበና "ነይ ውሃ ላሳይሽ፣ ዓይንሽ ይልመድ" አለኝ።

ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ወሰደኝ። ደረስን። ሐይቁ በረዶ ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር ነጭ። ሰዎች መሀሉ ላይ ወንበር ዘርግተው፣ በረዶውን በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ። ለገሠ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

"ባሕር ላሳይሽ ብዬ..." አለ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር እንዲህ ከሳቅኩ።

መኪና ውስጥ ሆነን ስለ ጀልባው አወራን። ትልቁን ውሰጂ አለኝ። ብረት ይሻላል፣ ክብደት ይሻላል። ከኋላ በኩል ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ ባዶ ሆድሽን አትሁኚ፣ ጠግበሽም አትግቢ። ከዚያ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል፣ "እኔ የማውቀው ቀይ ባሕርን ነው። ያንን ባሕር አላውቀውም" አለ።

ይቺ ቃሉ ሌላ ካለው ሁሉ የበለጠ እምነት ሰጠችኝ። ለምን ይሆን?

ትልቁ ጀልባ። በቃ።

ረቡዕ፣ ጥር 29

ፀሐይ ደወለች፣ ደስ ብሏት። ቲኬቱን ቡክ አድርጋዋለች። መጋቢት 20። "ከመውለዷ በፊት ገብተሽ እረፍት ታደርጊያለሽ" አለች።

መጋቢት 20! ልጅቷ ያኔ አራስነቷን አጋምሳለች።

እኔስ ምን አልኩ? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤት መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 1

ዛሬም አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ የካቲት 4

እንዴት ነው የሚነገረው? ዋሸሁሽ ነው? ዓይንሽን ፈርቼ ነው? ቤቴ መብራት ሲጠፋ ልጄን ወስዳ ያሳደረች ሴት፣ ሥራ ያስገባችኝ ሴት... ዓይንሽን ፈራሁ ተብላ እንዴት አብራኝ ትቀመጣለች? ዝም ካልኩ ደግሞ ሔቨን ብቻዋን ልትወልድ ነው።

እኔ እሷን ስወልድ እናቴ አልደረሰችም። ወንዝ ሞልቶ ነው አለች። የመጣችው ከክርስትናው በኋላ ነበር፣ ቅቤዋን ይዛ፣ ምንም እንዳልሆነ። ተቀብዬ በላሁ። አፌን ሞልቼ ግን እናቴ ብዬ አልጠራኋትም፣ ብዙ ጊዜ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሔቨን እንዲህ ቂም እንድትይዝብኝ አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ነገርኳት።

ነገ ቅበላ ነው፣ ቢሮው ሰው የለም። ፀሐይ ምሳዋን እየበላች ነበር። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ወሩ ፋሲካ አይደለም፣ የካቲት መጨረሻ ነው፤ አውቄ ነው ሌላ ያልኩሽ፣ ዓይን ፈርቼ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀላ።

"እኔን?" አለች። "እኔን ነው የፈራሽው?"

ለማንም አልናገርም ነበር አልኳት። እንባዬ መጣ። ተቀመጪ አላለችኝም። ኮምፒውተሯን ትነካካለች፣ አታየኝም። ልወጣ ስል ነው እንግዲህ...

"ኤርሚያስን ሳረግዝ ለአንቺ በየትኛው ወር እወልዳለሁ ነው ያልኩሽ?"

አስታወስኩ። ሰኔ ነበር ያለችኝ።

"በግንቦት ስወልድ፣ ያለ ጊዜው ተወለደ ብለሽ ስታለቅሺልኝ ነበር። ሻማ ሁሉ አብርተሽ። ልጁ ግን ቀኑን ጠብቆ ነው የመጣው።" አፏን በእጇ ያዘች። ትስቃለች! "አራት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያለ ጊዜው ይወለዳል? አንቺ ደግሞ አመንሽ።"

ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ግን ስትስቅም ትንሽ ከፍቷት ነበር፣ አይቻለሁ። ይገባታል። ከምሳዋ አጎረሰችኝ። ቲኬቱን ልትለውጥ ትሞክራለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ተለወጠ። የተገኘው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ የካቲት 21 ከሰዓት በኋላ ሴንት ኪትስ እገባለሁ።

ሐሙስ... ትልቁ ጀልባ የማይሠራበት ቀን!

ዓርብ፣ የካቲት 15

ለገሠ፣ እዚያው እደሪና ጠዋት በትልቁ ሂጂ አለኝ። ሔቨንም እሺ አለች። ዴዝመንድ ወደቡ አጠገብ ማደሪያ ያዘልኝ። ዓርብ ጠዋት ኔቪስ ላይ ይጠብቀኛል።

መረጥኩ። ልቤ አረፈ። የገንፎ ዱቄቱን ቆላሁ፤ ሆቴሉም ፈቃድ ሰጠኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ነገ በማለዳ ለገሠ ያደርሰኛል።

ሔቨን ደወለች። ወገቧን ይዟታል፣ ቆየት እያለ ይመጣል። ሐኪሙ ገና ነው ብሏታል። "አትቸኩዪ እማዬ፣ አይ አም ፋይን" አለችኝ። እንግሊዝኛ የምትቀላቅለው ሲከፋት ነው።

ቅቤው እንዳይፈስ በሁለት ፌስታል አሰርኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 22፣ ኔቪስ

ጽሑፌ ተጣሟል። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት ሴንት ኪትስ ገባሁ። ሙቀቱ እንደ ላውንደሪያችን። ታክሲው ወደቡ አጠገብ አወረደኝ። መጀመሪያ ያየሁት ትልቁን ጀልባ ነው፣ ታስሮ፣ ሁለት ሰዎች ወለሉን ያጥባሉ። ወፍራም፣ የተረጋጋ። ከጎኑ ትንሿ። ታስራ እንኳ ትፈነጫለች። ለመጨረሻው ጉዞ ሰው ትጭናለች።

ባሕሩ እንደ ፎቶው አይደለም። ጠቁሯል፣ ጫፍ ጫፉ ነጭ ነው።

ከሕዝብ ስልክ ለእነ ሔቨን ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በዚህ ሰዓት ሁለቱም ቤት የሌሉት ለምንድነው? አወቅኩት። ምጥ ይዟታል።

ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። ማደሪያው እዚያው ማዶ ነው፣ በሩ ይታየኛል። ብገባ ማንም አይወቅሰኝም። ከለገሠ ጋር የመረጥነው ነው። ጠዋት በደህናው ጀልባ እሄዳለሁ፣ ከመሸ በኋላ ደረስኩ እላለሁ፣ ቅቤዬን ይዤ... እናቴ እንደዚህ ወንዙ ዳር ቆማ ይሆን? ውሃውን እያየች? ሞልቶ ነው ስትለኝ አላመንኳትም ነበር። ትናንት አመንኳት። አምኛት ግን ተነሳሁ።

ባሕረኛው እጁን ዘረጋልኝ። ጀልባዋ ከደረጃው ስትሸሽ፣ ስትቀርብ... እግሬን መቼ እንዳነሳሁ አላውቅም። ውስጥ ነኝ።

አጠገቤ አንዲት ወፍራም ሴት እንቁላል በትሪ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከወደቡ እንደወጣን ጀልባዋ ተነሳች፣ ወደቀች። ትዘላለች ያለው ይሄ ነው። እመቤቴን ጠራሁ። በኋላ መጥራትም አቃተኝ። ሹራቤ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ የገንፎ ዱቄቱ ቦርሳ ላይ... አስመለሰኝ። ሴትዮዋ እንቁላሏን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ግንባሬን ያዘችልኝ። ያ ተራራ ይታይሻል? እሱን ብቻ እዪ አለችኝ። አየሁት። ከአንድ እንቁላሏ በቀር አልተሰበረም፣ እሱም በእኔ ነው።

ኔቪስ ላይ ማንም አልጠበቀኝም፤ እንደምመጣ ማን ያውቃል? ታክሲ ያዝኩና "ሆስፒታል" አልኩ። ሹፌሩ አየኝና ሳይጠይቅ በረረ። እዚያም ስደርስ ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር አመጣች። ልጄ ናት፣ እኔ አይደለሁም እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል! አልጋ ላይ አስተኙኝ። የሚጠጣ ነገር ሰጡኝ። ልነሳ ስል ነርሷ ትከሻዬን ትጫናለች።

ከመጋረጃው ማዶ ድምፅ መጣ።

"እማዬ? አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

ማልቀስ ጀመረች፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሳቅ። "አንቺ ልታርሺኝ ነው የመጣሽው ወይስ እኔ ላስታምምሽ?" አለችኝ።

ከአልጋው ወረድኩ። ነርሷም ተወችኝ። ሊነጋጋ ሲል ተወለደች። ሴት። ሔቨን እጄን አጥብቃ ስለጨበጠችው ጣቶቼ አሁንም አበጥ ብለዋል። ቀለበቴ አይወጣም።

እሑድ፣ መጋቢት 1

ገንፎው ከረር ብሏል፣ ሔቨን ግን ጨረሰችው። ዴዝመንድም ቀመሰ፣ ቅቤው ላይ ፈራ። ሕፃኗ ትተኛለች፣ ትጠባለች። መወለዷን ለፀሐይ ራሴ ደውዬ ነገርኳት፣ ከሰው ሁሉ በፊት። ለገሠም ደወለ፤ በየትኛው እንደ ሄድኩ ስነግረው "ጎበዝ" አለ፣ አንዲት ቃል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

የዴዝመንድ እናት ሴንት ኪትስ ነው የሚኖሩት። እግራቸውን ያማቸዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ነገ መሻገር ይፈልጋሉ፣ እሑድ ደግሞ ትልቁ አይሠራም። ወይ ነገ በትንሿ፣ ወይ ሰኞን መጠበቅ ነው። ሔቨን ይጠብቁ ትላለች። አሮጊቷ በስልክ፣ ስንት ጊዜ ይቀረኛል ብላችሁ ነው ይላሉ።

ዴዝመንድ ማታ ራት ላይ ወደ እኔ ዞረ። አንቺ እኮ አሁን ባለሙያ ሆነሻል፣ በየትኛው ላምጣቸው አለኝ። ሊያሾፍብኝ ነው።

እኔ ግን አሰብኩበት። እሳቸው በእኔ ቦታ ሆነው ባሕሩን ሲያዩ ታየኝ። ማን ግንባራቸውን ይይዝላቸዋል?

"ጠዋት ወርጄ ባሕሩን አየዋለሁ" አልኩት። "ከተረጋጋ በትንሿ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ስንመለስ አጠገባቸው እኔ እቀመጣለሁ። ካልተረጋጋ ሰኞን ይጠብቃሉ፣ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

ሳቁን ተወ። እሺ አለኝ።