ከወዲያኛው ጎል የሚመጣ መልስ

ማክሰኞ፣ ጁን 10

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እሺ ብያለሁ። ቅዳሜ በዩኒቨርሲቲው ሜዳ፣ በሴቶቹ ጨዋታ፣ የጎል ዳኛ እሆናለሁ። እኔ! ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አለሁ" ለማለት እንኳ ጉሮሮዬን የምጠርገው።

ጥፋቱ የጆአን ነው። ጆአን አሮጊት ናት፤ እዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ዘመን የጎል ዳኛ ነበረች፤ አሁን ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው። ከትምህርት ስወጣ ቤት ከመግባቴ በፊት የሜዳው የእንጨት ትሪቡን ላይ እቀመጣለሁ። ጸጥ ይላል። አንድ ቀን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ቆየች። የወደድኳት ለዚህ ነው።

"ይሄ ሥራ ወሬ አይፈልግም፤ እጅ ብቻ ነው" አለችኝ ዛሬ።

እውነቷን ነው። የአውስትራሊያ ኳስ በየጫፉ አራት ቋሚ አለው። ኳሱ በመሃለኞቹ ሁለት መካከል ካለፈ ጎል ነው፤ ሁለት ባንዲራ ይውለበለባል። በጎን ካለፈ ወይም የመሃሉን ቋሚ ከነካ ትንሽ ነጥብ ነው፤ አንድ ባንዲራ። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ያለው የጎል ዳኛ የራሱን አውለብልቦ ይመልሳል። አይቻለሁ ማለቱ ነው።

ለአባዬ አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ጆአን ባንዲራዎቹንና ነጭ ካፖርቷን ሰጠችኝ። ቁርጭምጭሚቴን ይነካል።

ስለ ሜዳውም አወራችኝ። ድሮ ረግረግ ነበር፣ ዳክዬ ይዋኝበት ነበር። ዝናብ ሲዘንብ አንደኛው ጎል ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። እናቷ በእረፍት ሰዓት ከትሪቡኑ ሥር ሻይ ትቀዳ ነበር። ላይ ያለው መቀመጫ ለወንዶች ብቻ ነበር። ጨዋታውን አይታው አታውቅም፤ ጎል ሲገባ ጣውላው ከራሷ በላይ ሲንጎዳጎድ ነው የምታውቀው። ጆአን መጀመሪያ ባንዲራ ይዛ የቆመች ቀን ግን እናቷ ሻዩን ትታ ወጣች። መጋረጃ የሚያህል ሽርጥ እንዳገለደመች ከመስመሩ ዳር ቆማ አየቻት።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ትሪቡኑ ላይ እግሬን ቀስ አድርጌ ነው የማሳርፈው።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ተያዝኩ። እማዬ ካፖርቱን አልጋዬ ሥር አገኘችው።

"ዶክተር ሆንሽልኝ እንዴ?"

ነገርኳት። መርፌና ክር አመጣች፤ ጫፉን ማሳጠር ጀመረች። ከዚያ ሳቀች።

"አባትሽ እኮ ኮምቦልቻ የመስመር ዳኛ ነበር። እኔን መጀመሪያ ያየኝ ባንዲራ ይዞ ቆሞ ነው። ያን ቀን አንድ ኦፍሳይድ አምልጦታል።"

አላውቅም ነበር። እሱ ወደዚህ ሲመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ እኔና እማዬ የመጣነው አምና ነው። በመሃሉ አባቴ ስልክ ውስጥ ያለ ድምፅ ነበር። አሁን አንድ ቤት ነን፤ ወሬያችን ግን "በላሽ?" "በላሁ" ነው። አንተ ስለው እንኳ አፌ ይያዛል።

ማታ ከሥራ ሲገባ እማዬ ነገረችው። እኔ ሰሃን አጥብ ነበር፤ ዞር አላልኩም።

"ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ነው?" አለ። "እኔ ብሆን ሁሉንም በፊሽካ አስቆማቸው ነበር።"

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ የወጥ ቤት ፎጣ ሰጠኝ። "እስቲ አሳዪኝ።"

አሳየሁት።

"ክንድሽን ዘርጊው። ዳኛ ሲፈራ ክንዱ ያጥራል።"

ቤቱ ስለጠበበን ኮሪደሩ ላይ ወጣን። እሱ ከሊፍቱ ጋ፣ እኔ ከደረጃው በር ጋ። አውለበለብኩ። እሱም በሌላ ፎጣ መለሰ። ሊፍቱ ተከፈተና ጎረቤታችን ዘንቢሏን ይዛ ወጣች፤ አየችን፣ ከዚያ እንዳትረብሸን ይመስላል ጎንበስ ብላ በመሃላችን አለፈች። አባዬ አልሳቀም። ባውለበለብኩ ቁጥር መለሰልኝ። አንድም አላለፈውም።

እንደዚህ ብዙ አውርተን አናውቅም።

ዓርብ፣ ጁን 13

አባዬ ነገ ሥራ አለው፤ ዕቃ ጭኖ ከከተማው ዳር እስካለው ታርኔት ይሄዳል። ከጁምዓ ሲመለስ ሺፍት እንዲቀይርለት አንዱን ጓደኛውን ጠይቋል። እስካሁን አልመለሰለትም። ስልኩን አሥር ጊዜ ሲያይ አይቼዋለሁ፤ እኔም አብሬ አያለሁ።

"ጆአን ትሪቡን ላይ ቦታ ትይዝልሃለች" አልኩት። አንተ አልኩት፤ አፌ አልተያዘም።

"ጥላ ፎቅ ምን አደርጋለሁ? ከመጣሁ ከወዲያኛው ጎል ጀርባ ነው የምቆመው፤ ፊት ለፊትሽ።"

የሚያስፈራኝ፦ ዝናቡ። ኳሱ ቋሚውን ነክቶ ድምፁን ሳልሰማ ብቀር። ሰዎች ሲያዩኝ። እሱ ባይመጣ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ከትናንት በፊት ቢሆን ዝርዝሩ ውስጥም አይገባም ነበር።

ካፖርቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ልኬ ሆኗል። ስልኩ አሁንም ዝም ብሏል።

ከወዲያኛው ጫፍ ዳኛው በባንዲራው መመለሱ አይቀርም። ከጀርባው ፎጣ ሲውለበለብ ከታየኝ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ግን አስቀድሜ በዓይኔ አልፈልገውም። እኔ ጋ የመጀመሪያው ጎል ሲገባ፣ መጣ አልመጣ ሳልል፣ ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ አውለበልባለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብዬ የማየው።