ሳትሞት የተከፈተ ቁም ሳጥን

እንደ እህትም እንደ እናትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ሕፃኗ፣ ሥራሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ደብዳቤ በሌላ ነገር ስለማይጀመር ነው።

እማዬ ካረፈች ወዲህ የቤታችንን ጉድ በስልክ ያልነገርኩሽ አጎታችን ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው። ስልኩን ተቀብሎኝ «ሁሉም በሥርዓቱ እየሄደ ነው» ይልሻል። ሥርዓቱን ልንገርሽ።

ሰሞኑን የባዮሎጂ መምህራችን ሰውነት የሚሞቱ ሴሎችን እንዴት እንደሚያነሳ አስተማረን። ሴል ሊሞት ሲል ራሱ ምልክት ይሰጣል፤ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የነበረውን ቅባት ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። የሚሞተውን የሚያነሳው በላተኛ ሴል ቀርቦ ይዳስሰዋል፤ ምልክቱን ሲያገኝ ይውጠዋል፣ ጎረቤቱ ሳያብጥ፣ ሳይቆጣ። ጤነኛው ደግሞ «አትብላኝ» የሚል ምልክት ላዩ ላይ አለው፤ በላተኛውም ያከብርለታል። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፣ ዘመድ ነኝ አይል፤ ግን በሕይወት ያለውን ከሚሞተው ይለያል። እኔ አክስታችን ትዝ ብላኝ ሳቅኩ። መምህሩ ምን ያስቅሃል ቢለኝ፣ «እኛ ቤት ሳይዳስሱ ነው የሚውጡት» አልኩት።

እማዬ ገና ስትተነፍስ አክስታችን ባዶ ጆንያ ይዛ ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ማነው አለች። ልብሱን ላናፍስልሽ ብዬ ነው አለቻት፤ ልብስ በጆንያ ሲናፈስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እማዬም «ከሞትኩ ንገሪኝ፤ ካልሞትኩ ግን ዝጊው» አለቻት። ዘጋችው። ከዚያ እህቷ እስክትሞት ድረስ ጆንያውን ጉልበቷ ላይ አጥፋ በር ሥር ተቀምጣ ጠበቀች።

አጎታችን ደግሞ ከቀብሩ ማግስት የስፌት ክፍሉን ላጽዳ ብሎ፣ እማዬ ለደንበኞች ቆርጣ በጠመኔ ያሰመረችውን ጨርቅ ሁሉ ብጣሽ መስሎት ለትራስ ሠሪው ሰጠው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጥታ አንገትጌውን ብቻ አገኘች፤ እሱም የስፌት ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ስለነበር ነው የተረፈው። አጎታችን ሐዘን ላይ ነን ቢላት፣ «ሐዘኑማ የእኔም ነው፤ እጅጌው ትራስ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችው። ከልብስ ሰፊ ጋር አንድ ቤት አድጎ ልብስንና ብጣሽን የማይለይ ሰው ነው ቤታችንን የሚያስተዳድረው።

ዕቃዋ አይነሳ አላልኩም። የሞተ ሴል በጊዜው ካልተነሳ ፈንድቶ ጎረቤቱን ያስቆጣል ተብለናል። መድኃኒቷን፣ ጫማዋን፣ የታመመችበትን አንሶላ እኔው አነሳሁ። ያን ጊዜ ማንም አላገዘኝም፤ የበሽተኛ አንሶላ አይሸጥማ።

አሁን ገዢ መጥቶ ቅዳሜ ማሽኑን ሊወስድ ነው። አጎታችን «እህትህ ፈቅዳለች» ይለኛል። አላመንኩትም፤ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ከትራስ ሠሪው ያልተቀደደውን ለምኜ አመጣሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሰፋለሁ። ስፌቴ ጠማማ ነው፤ እማዬ ብታየው አስፈትታ እንደገና ታሰፋኝ ነበር። ማሽኑ ግን ይሠራል፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሬሳ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡስ ሾፌሩ የሰጠሁት ከቅዳሜ በፊት እንዲደርስሽ ነው። ካልፈቀድሽ ለአጎታችን ደውይና አይነካም በይው። ፈቅደሽ ከሆነም ለእኔ ንገሪኝ፤ ከእሱ አፍ አልሰማም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የሕፃኗን ጉንጭ ሳሚልኝ። አማትሽን እጅ ነስቷል በያቸው። አክስታችንም ሰላም ብላሻለች፤ የእማዬን ሹራብ ለብሳ ነው ያለችው። የአጎታችንን ሰላምታ ግን ራሱ ያድርስ። እኔ ማሽኑ አጠገብ ነኝ፤ ቅዳሜም እዚሁ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከእማዬ የስፌት ክፍል
ግንቦት ፲፩ ቀን