ስለ እንጨቷ እግርና ስለ እህቴ እግር

ለተከበሩ የካልሲ ፋብሪካችን የንድፍና የጥራት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ በፋብሪካዎ የመጨረሻ ፍተሻ ክፍል ካልሲ እየገለበጥኩ ስመረምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሠራተኛዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእግሮችዎ ጤና እመኛለሁ፤ ሁለቱም ሳያብጡና ሳይደነዝዙ ከመኪናዎ እስከ ወንበርዎ ያለውን ሃያ እርምጃ እንደ ልብዎ ያመላልሱዎት ዘንድ ምኞቴ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከቢሮዎ የተላከው ካርቶን ቤታችን ሲደርስ የተሰማኝን ደስታ በምን ቃል ልግለጽልዎት! ጮቤ ረገጥኩ ብል ይቀለኛል። ካርቶኑ በፋብሪካዎ የሹራብ ማሽን ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ለሠራችው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ለተቆረጠው ለታላቅ እህቴ የተላከ ሲሆን፣ በውስጡም ማኅተም ያረፈበት የመልካም ምኞት ደብዳቤና አሥራ ሁለት ጥንድ ካልሲ ነበረበት። አሥራ ሁለት ጥንድ፣ ክቡርነትዎ፣ ለአንድ እግር! እህቴ አልጋዋ ላይ ዘርግታ አየቻቸውና አሥራ ሁለቱን የሚለብሰው እግር የት እንደተቀበረ ይነገረኝና ልላክለት ብላ እስኪያስላት ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በደፈናው ከምተወው፣ ቢሮዎ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንደማያነብ ስለማውቅ፣ በተራ ቁጥር አስቀምጨዋለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ እሜቴ አመሰግናለሁ። ለማያውቋት አንባቢዎች ባስተዋውቃት ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አለኝ። እሜቴ ብለን እኛ ሠራተኞቹ ስም ያወጣንላት በንድፍ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የቆመችው የእንጨት እግር ናት፤ እርስዎ በመጡበት ዓመት ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የሚባሉትን ሦስት ልኮች አስቀርተው ለሰው ሁሉ የሚሆን አንድ ልክ ሲያወጡ አናጺ ጠርተው ያስቀረጿት፣ አዲስ ካልሲ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ላይ ተጠልቆ ካላማረ የማያልፍባት ዳኛ ናት። ልኳ የተወሰደው ከቀጭኗ ጸሐፊዎ ነው፤ ያውም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ያውም ወንበር ላይ እንደተቀመጠች። ይህን የማውቀው ሜትሩን ይዤ የለካኋት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው፤ ስለዚህ ከጥፋቱ የድርሻዬን አልሸሽም። ከሰዓት በኋላ፣ ያውም ቆማ ብንለካት አይሻልም ወይ ብዬ ስጠይቅዎት፣ እግር እግር ነው፣ ሰዓት አያውቅም ብለው አስተማሩኝ። እኔም ምላሴ ረጅም ነው እየተባልኩ የምታማ ሴት፣ በዚያች ቀን ብቻ አፌን ያዝኩ። እግር ግን ሰዓት ያውቃል፣ ክቡርነትዎ። ማሽን ሥር ቆማ የዋለች ሴት እግር አሥር ሰዓት ላይ ጠዋት ይዛው የወጣችው እግር አይደለም፤ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ባቱ ይወጠራል። እሜቴ ግን አብጣ አታውቅም፤ ለዚህም ይመስለኛል ከሁላችን በላይ የሚያከብሯት።

2. ቀጥሎ ስለ ላስቲኩ አመሰግናለሁ። ካልሲው ይንሸራተታል የሚል ቅሬታ ከደንበኞች መጣ ተብሎ፣ በካልሲው አፍ ዙሪያ ሰፋ ብሎ ይገባ የነበረው ለስላሳ ላስቲክ ወጣና ከአንድ ጣት የማይሰፋ ድርቅ ያለ ላስቲክ ተተካ፤ እውነትም ከዚያ ወዲህ የተንሸራተተ ካልሲ አላየንም። ከሥራ ስንወጣ በልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ላይ ተደርድረን ካልሲያችንን ስናወልቅ፣ በየባታችን ዙሪያ ቀይ ቀለበት ይታይ ነበር። ፋብሪካው ሁላችንንም አጭቶናል፣ ቀለበቱን ያሰረው ግን እግራችን ላይ ነው የሚለውን ቀልድ የፈጠረችው እህቴ ናት፤ አንዷ ባሏ የሞተባት የማሽን ሠራተኛ ደግሞ እኔስ ሁለተኛ መታጨቴ ነው እያለች ታስቀን ነበር። ሌላ ካልሲ አድርገን እንዳንመጣም የራሳችሁን ምርት ካልለበሳችሁ ማን ይለብስላችኋል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፈውልናል፤ ተቆጣጣሪውም ወደ ቁርጭምጭሚታችን እያየ ነው የሚያስገባን። ለዚህ ትኩረት እናመሰግናለን፤ ወደ እግራችን የተመለከተ የፋብሪካው ሰው እሱ ብቻ ነው።

3. ስለ ጣት ስፌቱ። ጥሩ ካልሲ ጫፉ ላይ ያለው ስፌት ጠፍጣፋ ሆኖ በእጅ ሲዳበስ እንኳ አይታወቅም፤ እርስዎ ሥራ ያፋጥናል ብለው ያስገቡት ግን እንደ ሲባጎ የጎበጠ ነው። እሜቴ ጣት ስለሌላት፣ አናጺው ጫፏን ድቡልቡል አድርጎ ስለጨረሳት፣ ቆረቆረኝ አላለችም። እህቴም አላለችም። እሷ ጣት ነበራት፤ ነገር ግን የስኳር ሕመምተኛ ናትና ጣቶቿ ከደነዘዙ ቆይተዋል። ስፌቱ ትንሿን ጣቷን እየላጠ ሲያቆስላት ሳታውቀው ሰነበተች፤ እኔም ያወቅሁት ካልሲዋን ሳጥብ ውሃው ሲቀላ ነው። ሐኪሙ ደም በደንብ የማይደርሰው ቁስል አይድንም አለና፣ ባቷ ላይ ያለውን ቀለበት በጣቱ እየተከተለ እግሯን በምን እንደምታስረው ጠየቃት። እህቴም ኮራ ብላ፣ አላሰርኩትም ዶክተር፣ የመሥሪያ ቤቴ ምርት ነው አለችው። ስኳሩም ድርሻ አለው፤ በሐሰት ልወነጅልዎት አልሻም። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጽፏል፤ ከእርስዎ ቢሮ የመጣው ደብዳቤ ግን ስኳሩን ብቻ ነው የሚያውቀው።

4. ስለ አስተያየት ሳጥኑም ማመስገን ይገባኛል። አራት ወረቀት ከትቼበታለሁ፤ አምስተኛው አልገባም አለኝ፤ ለካስ እስከ አፉ ሞልቷል። ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንዳለፈው የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ቦታ ጥበት ይቁጠሩልኝ።

5. ይህ ቁጥር እግሯ የተቆረጠበትን ዕለት የሚመለከት ነበር፤ እህቴ አትጻፊው ብላ ስላስማለችኝ ባዶውን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ደስታዬ ልመለስ፤ ደስታዬ የሐሰት እንዳይመስልዎት። ሐኪሙ የቀረችውን እግር እንደ ዓይን ብሌን ጠብቋት፣ ትንሿ ጣት መቅላት ጀምራለች ብሎ ሲያሰናብተን፣ ቤት ገብቼ የሹራብ መርፌዬን አወጣሁ። እህቴን ምርኩዟን አስይዤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አቆምኳት፤ ከቁርጭምጭሚቷ፣ ከባቷና ከጉልበቷ ሥር ለካሁ። የያዝኩትም ጸሐፊዎን የለካሁባትን ያችኑ አሮጌ ሜትር ነበር። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ አራት ጣት ያህል አሰፋሁት፤ ጭነቱ አንድ ቦታ ከሚያርፍ ይከፋፈል ብዬ። ቀጭኑን ላስቲክ በየሁለት መስመሩ እያሳለፍኩ፣ ሲስቡት የሚሰጥ፣ ሲለቁት የሚመለስ አድርጌ ሠራሁት፤ ለተረከዙ ኪስ አወጣሁለት፤ ጫፉን ያለ ስፌት ዘጋሁት። ስምንት ቀን አድርጋው ከዋለች በኋላ ሳወልቅላት ባቷ ላይ አንድም መስመር የለም፤ የጣቷም ቅላት ጠፍቷል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካልሲ ስመረምር ከእጄ ያለፈ ጥሩ ካልሲ ያ አንዱ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። በማሽኖቹ ሥር ቀለበት ያሰሩ አርባ ሴቶች አሁንም ቆመዋል፤ ከእነሱም ውስጥ ሦስቱ የስኳር ሕመምተኞች መሆናቸውን ከወረቀቶቼ በአንዱ ጽፌልዎት ነበር። ሦስቱ ልኮች ይመለሱ፣ እግራችንም በአሥር ሰዓት፣ እንደቆምን ይለካ። ሜትሩን እኔ እይዛለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አፌን አልይዝም።

ለእግርዎ ምቾት፣ ለወንበርዎ ልስላሴ፣ ለሳጥንዎም ቁልፍ መገኘት ዘወትር የምመኝልዎት፣ ለጊዜው በሁለት እግሬ ቆሜ እጅ የምነሳዎት፣

ታዛዥዎ
የመጨረሻ ፍተሻ ክፍል ሠራተኛ፣ የማሽን ሠራተኛዋ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ የላኩልንን አሥራ ሁለት ጥንድ ከነካርቶኑ መልሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ የቀረችውን እግር ለእነሱ አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም። ደግሞም ሐኪሙ እህቴ የእንጨት እግር እንደሚያስፈልጋት ነግሯታልና፣ እሜቴ ጡረታ የምትወጣበት ቀን ከደረሰ ለእሷ እንዲሰጡልን አደራ ብላለች፤ ጣት ስለሌላት ቀኝም ግራም መሆን ትችላለች። ያን ጊዜ ካርቶኑን መልሰው ይላኩልን፤ ካልሲዎ ልክ የሚሆንላት እግር በቤታችን ትኖራለችና።