የመቃብራችን በር አርባ ሁለት ኢንች ስለ መሆኑ

ለክቡር አቶ ዴልመር ኦስትቢ
የኔደርሎ መንደር ምክር ቤት ሰብሳቢና የዕቃ ግዢ ኮሚቴ የበላይ ጠባቂ
ኔደርሎ፣ ዊስኮንሲን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ አርዲስ፣ እንዲሁም ለአዲሱ ግንድ ማንሻ ማሽን፣ ለሎደሩ ሞተር ሙሉ ጤንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ሉዌላ ብራንድቮልድ፣ በመንደራችን የመናፈሻና የመቃብር ክፍል ከኦርቪል ካዝማሬክ ጋር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዛፍ ስቆርጥና ግቢ ሳጸዳ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። ክፍሉ ማለት እኛ ሁለታችን ነበርን። ይህን የምጽፈው ተናድጄ እንዳይመስልዎ፤ ለመናደድ ሞክሬ አልመጣልኝም። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አልተሰማኝም፤ ሾርባው ትኩስ መሆኑን እንኳ የማውቀው ምላሴን ከለበለበኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረቡ ቀለለኝ።

፩. ባለፈው መጋቢት፣ ጥንዚዛ በልቶ ያደረቃቸውን ሠላሳ አንድ የመቃብር ዛፎች እንድናነሳ ሲያዙን፣ ለሥራው የሚሆነውን ሎደር ራሳችን መርጠን እንድናቀርብ ስለ ጠየቁን ከልብ አመሰግናለሁ። እኛም አምነን ደከምን። የመቃብሩን አሮጌ የብረት በር ለካን፤ ወርዱ አርባ ሁለት ኢንች ነው፣ የመንደሩ መሥራቾች ስም ስለ ተቀረጸበት እንዳይነካ ደንብ ወጥቶለታል፣ ሌላ መግቢያም የለም። ግንድ ቆርጠን መዘንን፤ ስምንት ጫማ የሚረዝመው ሰባት መቶ ፓውንድ ይመዝናል። ከዚያም ከኋላዋ ቆመው የሚነዷትን ትንሿን ሎደር ለአንድ ሳምንት ተከራይተን ሞከርናት። ወርዷ ሠላሳ ስድስት ኢንች ነው። ግንዱን በመንጋጋዋ ነክሳ በመቃብር ድንጋዮቹ መካከል ስታልፍ አንድ የአበባ ማስቀመጫ አልጣለችም፣ ሣሩንም አልላጠችውም። ማንንም የማያሞግሰው ኦርቪል እንኳ «ሉ፣ ይቺ እኮ ታስባለች!» አለኝ። ይህን ሁሉ በአራት ገጽ ጽፈን አስገባን።

፪. ጉዳዩ ወደ ምክር ቤቱ ከመድረሱ በፊት፣ እንደ መንደራችን ልማድ፣ በዓርቡ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ ስለ ተቋጨ የስብሰባ ጊዜያችንን ቆጥበውልናል። ከጎናችሁ ባለው ጠረጴዛ ነበርኩና ሁሉንም ሰምቻለሁ። እርስዎ ሹካዎን እንደ ያዙ «እኔ በሐምሌው የበዓል ሰልፍ ላይ እንደ ጋሪ ገፊ ቆሜ ልታይ? ሰው ይስቅብኝ እንዴ! ወንበር ያለው፣ ማሞቂያ ያለው ይሁን» አሉ። ገንዘብ ያዣችን አቶ ቨርን ደግሞ «ቀለሙ ራሱ የትምህርት ቤታችን ብርቱካናማ ነው እኮ!» ሲሉ ግዢው በጭብጨባ ጸደቀ። ስለ በሩ የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እርስዎም «ኧረ ሉዌላ፣ ምን አስጨነቀሽ፣ በሰፊው በር ግቡ!» አሉኝ። ሰፊው በር የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ በር ነው፤ በእሱና በመቃብሩ መካከል ድልድይ የሌለው ጅረት አለ። ይህን ለሃምሳ ዓመት በየእሑዱ መኪናዎን እዚያ ሲያቆሙ የኖሩት እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ እርስዎን አልወቅስም።

፫. ወርዱ ስድሳ ስድስት ኢንች የሆነው ሎደር በሰልፉ ላይ እጅግ አምሮበት ነበር። እርስዎ በመስኮቱ ከረሜላ ሲበትኑ እኔና ኦርቪልም አጨበጨብን። በማግስቱ እስከ በሩ ነዳነው፣ አጠፋነው፣ ግንዶቹንም በእጃችን ማንከባለል ጀመርን። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ደውዬ «ማሽን ተገዝቶላችሁ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀራችሁ?» የሚል ፈጣን ምላሽ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ።

፬. በጥቅምት ወር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናብ ባረጠበው ቁልቁለት ላይ የአሥራ ሰባተኛውን ዛፍ ግንድ ስናወርድ ግንዱ አመለጠ። ያመለጠው ከእኔ እጅ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ኦርቪል ከታች ነበር። ብርቱካናማው ሎደር ያን የሚያህል ጉልበቱን ይዞ፣ ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ግንዱን ከኦርቪል ላይ ያነሱት ስምንት የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ በእጃቸው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ በእግሩ እንደማይቆም ሲነግሩት «እንግዲያው ለእኔም ወንበር ያለው ይገዛልኝ» አላቸው። ሐኪሞቹ ቀልዱ አልገባቸውም።

፭. ምክር ቤቱ በማግስቱ ባወጣው መግለጫ «ሠራተኛው ለሥራው የሚገባውን ማሽን አልተጠቀመም» ማለቱ በዚህ ጉዳይ ከጽሕፈት ቤትዎ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ነውና ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

አሥራ አራት ዛፎች ቀርተዋል። ደርቀዋል፣ ከበረዶው በፊት ካልወረዱ በራሳቸው ጊዜ ይወድቃሉ፤ ከግርጌያቸው ደግሞ ሰዎች አበባ ይዘው ይቆማሉ። ትንሿ ሎደር ዛሬም ለኪራይ አለች፤ እሷን ይከራዩልን። ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነው፤ አራቱ ገጾች ከጠፉም ቅጂው እኔ ጋ ስላለ እንዳይቸገሩ።

የክቡርነትዎ ውድ ጊዜ በአንዲት ዛፍ ቆራጭ ደብዳቤ በመባከኑ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎት፣ ማሞቂያዎም እንዳይበላሽ ከልብ የምመኝ፣

ታዛዥዎ፣
ሉዌላ ብራንድቮልድ
ከመናፈሻና መቃብር ክፍል የቀረች

ማስታወሻ፦ ማታ ማታ ለኦርቪል ጋዜጣ አነብለታለሁ። ማክሰኞ ዕለት ምክር ቤቱ በእሱ ቦታ ሰው ለመቅጠር ያወጣውን ማስታወቂያ ዘልዬ ላልፍ ስል ገባውና «አንብቢው እንጂ፣ ምን ያስደብቅሻል?» አለኝ። «አመልካቹ ያለ ረዳትና ያለ ማሽን ሃምሳ ፓውንድ ማንሳት የሚችል» ይላል። እሱም መልእክት ላከልዎ፦ «ንገሪያቸው፣ ሰባት መቶ ብለው ያርሙት። የሚመጣው ሰውዬ ተታልሎ እንዳይገባ።»