ስለ ጄኔራል መስክሪልኝ ላልከኝ

ውድ ወንድሜ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ከድምፅህ ሰምቻለሁ። ጓደኛህ ቤት ተጋድመህ፣ ሻይህን ፉት እያልክ፣ «እትዬ፣ እኔ ብመጣ ነገሩ ይካረራል። አንቺ ስብሰባው ላይ ጄኔራል ጨዋ ውሻ ነው ብለሽ መስክሪልኝ፤ ከተያዘበት ይለቀቅልኝ» ብለህ የላክኸውን መልእክት ሁለቴ አዳመጥኩት። ጆሮዬን ተጠራጥሬ ነው። አንድም ቦታ ላይ «ሴትዮዋስ እንዴት ሆነች?» አላልክም። ደረጃችንን የምታጥበውን፣ ሁላችን ሳቂታዋ የምንላትን፣ ውሻህ ክንዷን የዘነጠላትን ሴት ማለቴ ነው። ረስተሃት እንደሆነ ብዬ ነው።

ትናንት ስብሰባው ሄድኩልህ። የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተኮልኩሏል። የውኃ መስመሩ የፈነዳ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልወጣም።

ፋርማሲስቷ ጀመረች። «የዘሩ ነው! ይሄ ዘር ለመንከስ የተፈጠረ ነው፤ ጭራሽ መከልከል አለበት!»

ያ አድናቂህ ሾፌሩ ብድግ አለ። «ዘሩ ምን አደረገ? መጥፎ ባለቤት እንጂ መጥፎ ውሻ የለም!»

«ታዲያ ባለቤቱ የታለ?» አለ ጥበቃው ከበሩ ሆኖ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሥጋዬ ነህ። ከዚያ ክርክሩ ቀጠለ፤ አባቱ እንዲህ ነው፣ እናቱ እንዲያ ናት፣ ንጹሕ ዘር ነው፣ ወረቀት አለው። ለሰው ያልበጀ ዘር ቆጠራ ለውሻ ሊበጅ! ስለ ሳቂታዋ ክንድ ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «የባለቤቱ እህት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ወንድሜ፣ አንተ እኮ በልጅነትህ ዶሮ ሲያባርርህ ቀሚሴ ሥር የምትወሸቅ ነበርክ። ወኔ በገመድ ታስሮ የሚጎተት መስሎህ ውሻ ገዛህ። ሰው መንገድ ሲለቅልህ አንድ ስንዝር ያደግህ መሰለህ። እሱንስ ስቄ አልፌው ነበር።

«እትዬ፣ አሮጌ ገዋን ካለሽ ስጪኝ፣ መኪናዬን ልወልውልበት» ያልከኝስ ትዝ ይልሃል? ለሠራተኞች ከምሰፋው ከሰማያዊው ሰጠሁህ። ከአደጋው በኋላ ሰገነትህን ላጸዳ ብገባ፣ ያው ገዋን ስፖንጅ ተጠቅጥቆበት፣ ጭንቅላት ተበጅቶለት፣ እጅጌው በውሻ ጥርስ ተዘልዝሎ ተንጠልጥሏል። በገዛ ስፌቴ አወቅኩት። «ሌባ የሚመጣው ሠራተኛ መስሎ ነው» ትል አልነበር? እናም ሰማያዊ ገዋን ያየህበትን ያዝ ብለህ አስተማርከው። ጎበዝ! እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰማያዊ ገዋን የሚለብሰው ማን ሆነና? ቧንቧህን የሚጠግንልህ፣ ቆሻሻህን የሚደፋልህ፣ ደረጃህን የምታጥብልህ። አንተ በርህን ገርበብ አድርገህ ስልክ ታወራለህ፤ ሳቂታዋ ባልዲዋን ይዛ ብቅ አለች፤ ውሻው የተማረውን ፈጸመ። ከቤታችን ትምህርት የገባው እሱ ብቻ ነው።

ይህን እንደወረደ ነገርኳቸው። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፋርማሲስቷም ስለ ዘር ማውራቷን ተወች። ጄኔራል ወደዚህ ሕንፃ እንዳይመለስ ሲወሰን እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

አሳልፈሽ ሰጠሽኝ ትለኛለህ። በል። የእሷ ደም ደመ ከልብ ሆኖ እንዲቀር ኖሯል የላክኸኝ? ምስክር ፈለግህ፣ መሰከርኩ። አንተ የፈለግከው ውሸታም ነበር፤ እሱን ሌላ ቤት ፈልግ።

ቤቴ አልተዘጋብህም፤ እህትህ ነኝና ራትህን አላጣም። ግን መጀመሪያ ሳቂታዋ ቤት ሂድ። ስለ ውሻው ባሕርይ ልታስረዳት ከሆነ ግን ከነጭራሹ አትሂድ። ከሄድክም እንደ ልማድህ እጅህን ዘርግተህ ሰላም ልበልሽ እንዳትላት። የምትጨብጥበት እጇ ጣቶቹ ገና አልታዘዙላትም።

ታላቅ እህትህ